የሚጨፍረው ፊደል

ጥቅምት 12

የእድራችን አዲስ ድንኳን ላይ ዛሬ ስሙን አተምኩ።

በብሩሽ ፊደሉ ነው ያደረግኩት። ቀጥ ባለው ሞክሬ ነበር... ፖሊስ ጣቢያ መሰለ። ይኼኛው ሰው እየሳቀ፣ ቸኩሎ በብሩሽ የጻፈው ይመስላል። «እ» ወገቡን ይሰብቃል፣ «ድ» እግሩን ይወረውራል፣ አንዱም መስመር አይጠብቅም። የዱሬቲን ጁስ ቤት፣ የፀጉር ቤቱን፣ የሚኒባሱን ኋላ ሁሉ በእሱ ነው የሠራሁት። ማን ቅር ብሎት ያውቃል?

ጥቅምት 19

ጎረቤታችን ቆርቆሮ ሠሪው ደበላ ተቀበረ። ድንኳኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ተተከለ።

ከቀብር ተመልሰን ገና ቁጭ ስንል መኪኖች ክላክስ እያደረጉ ማለፍ ጀመሩ። ፊደሉን አይተው ሠርግ መስሏቸው! ቀጥሎ ሁለት ጎረምሶች ገብተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። አንዱ ወደ እኔ ዞሮ፣ «ፋዘር፣ ስፕሪስ አለ?»

ከሴቶቹ በኩል አንዷ ሳቀች። የደበላ ሚስት የሺእመቤት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች... እያለቀሰች ነው ወይስ?

ጎረምሶቹ ነገሩ ሲገባቸው ተነስቶ መውጣትም አፈሩ። እስኪመሽ ወንበር ሲያመላልሱ ዋሉ።

የእድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወልደሰንበት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «ፀሐዬ፣ ቀብረን ነው የመጣነው ድረን?»



ጥቅምት 20

ጋሽ ወልደሰንበት ሱቄ ድረስ መጡ። ነገ ሠልስቱ አልፎ ድንኳኑ ሲነቀል ፊደሉን በጥቁር ቀለም አጥፍቼ ቀጥ ባለው ካልጻፍኩ፣ ከእድር ሊያሰርዙኝ።

ለባለቤቴ ለርሆቦት ነገርኳት። ሽንኩርት መክተፏን አላቆመችም። «ከተሰረዝክ ማን ይቀብርሃል? እኔ ብቻዬን ልጎትትህ?»

እውነቷን ነው። ከዚህ ሁሉ ውፍረት ጋር...

ጥቅምት 21

አየር ጤና፣ ቀለም ቤት። ሻጩ ጥቁሩን ከማቅጠኛው አኳራጅ ጋር እየበጠበጠ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ጋሽ ወልደሰንበት።

«ቀለሙን ገዛህ?»

«እየበጠበጡልኝ ነው።»

«ተወው። የሺእመቤት አይነካ ብላለች። ለአርባውም ይኸው ይተከልልኝ አለች።»

«ለምን?»

«ደበላ ሰው የሚበዛበት ሰው አልነበረም። በዚህ ፊደል ግን የማያውቁት ሁሉ ገቡለት ትላለች። እነዚያ ጎረምሶች እኮ ዛሬም መጥተው ንፍሮ ያድላሉ። ሐዘንተኛ የለመነውን ደግሞ እምቢ አይባል...»

«እና እኔስ?»

«አባል ነህ። እኔ ግን ፀሐዬ፣ በዚህ ድንኳን አልሞትም።»

«እሺ ጋሼ። አይሙቱብን።»

ሻጩ «ጥቁሩ ደርሷል» ሲለኝ በሩን አልፌ ነበር።