ዋልያ ቆጣሪው

ወረታ፣ ታኅሣሥ ፲፭ ቀን ፲፱፻፷፪ ዓ.ም.

ለልጄ አባት፣

እንደምን ከርመሃል? የስሜን ውርጭ ጉልበትህን እንዴት አድርጎታል? ዋልያዎችህስ ደኅና ናቸው? ሌላ ዘመድ አጠገብህ እንደሌለ በዓይኔ ስላየሁ ደኅንነታቸውን የምጠይቅህ የእነሱኑ ነው። እኛ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይሁንና ደኅና ነን። ጤፉ ታጭዷል፣ ቡሬዋ ላም ወልዳለች፣ ልጅህ ይታይሽም ደኅና ናት። ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ ነጋዴው ሳልህ ነው። ደባርቅ ላይ የዘበኛ ልብስ ለብሰህ አይቶህ፣ ሰውየሽ በሕይወት አለ ብሎ የነገረኝም እሱ ነው።

ባለፈው ወር እዚያ ድረስ የወጣሁት ናፍቀኸኝ መስሎህ እንዳትኮራ። ይታይሽን አቶ መንግሥቴ ለልጃቸው ጠየቋት። ልጁ ሐሙሲት አስተማሪ ነው፣ እሷም ወዳዋለች። በአገራችን ደግሞ ሰባት ቤት ሳይቆጠር ጋብቻ እንደሌለ ታውቃለህ። የእኔን ወገን እኔ እቆጥራለሁ፤ ያንተን ማን ይቁጠር? ለእኛ ሠርግ የቆጠረልህ አጎትህ ሞቷል። እሱ ያኔ የደረደራቸውን ደጃዝማቾችና ፊታውራሪዎች አስታውሶ የሚጨርስ ሰው በፎገራ ምድር ጠፋ። በዚህ ስጨነቅ፣ አስተርጓሚው የአክስቴ ልጅ አያልነህ ሁለት ፈረንጆች ይዞ ወደ ስሜን ሲያልፍ ወጥ ሠሪያቸው ወረታ ላይ ታመመበት። እኔ አለሁ ብዬ ተነሣሁ።

ፓርክ የምትሉትን ነገር አየሁት። ገደል ነው፣ ብርድ ነው፣ ዝንጀሮ ነው። ለዚህ ብለው ባሕር ተሻግረው መጡ! ሰውየው ዳገቱን በቅሎ ላይ ሆኖ ያለከልካል፤ ከሥሩ ያለችው በቅሎ እንኳ እንደሱ አላለከለከችም። ሚስቱ ሱሪዋን ታጥቃ ወፍ በተነሣ ቁጥር እልል ልትል ትቃጣለች። ጭላዳ ሲያዩ ደግሞ ሁለቱም በሆዳቸው ተኙና እኔን ዝም በይ፣ አትነቃነቂ አስባሉኝ። ለዝንጀሮ! ጉማሬ ከጣና ወጥቶ ሽንብራችንን ሲግጥ ስንቱን ዘመን በችቦና በጩኸት ስናባርር ኖርን፤ አንድም ሰው መጥቶ በሆዱ አልተኛለትም። የሠራሁላቸውን ሽሮ አሸተቱት፣ ፎቶግራፍ አነሱት፣ ከዚያ የቆርቆሮ ዓሣ ክፈቺልን አሉኝ።

በሦስተኛው ቀን አንተ መጣህ። ካኪ ለብሰህ፣ ጠመንጃ አንግተህ፣ ሩቅ ማያ መነጽር አንገትህ ላይ አንጠልጥለህ። ፈረንጆቹን ገደል አፋፍ ላይ አስቀምጠህ የዋልያ ዘር ትቆጥርላቸው ጀመር። ያቺ ጆሮዋ የተቀደደው እናት ናት፤ አጠገቧ ያለው የአምና ግልገሏ ነው፤ አባቱ ያ ጢማሙ ነው፤ ጢማሙ ደግሞ ካቻምና ገደል የገባው የሽማግሌው ልጅ ነው። ከተማ ስላደገ መልክህን የማያውቀው አያልነህ ይተረጉማል፣ ፈረንጆቹ ይጽፋሉ። እኔ ከምድጃዬ ዳር ሆኜ ሳቄ አመለጠኝ። የሴት ልጁን ዕድሜ የማያውቅ ሰው የፍየል አያት ያውቃል!

ዘወር ስትል አየኸኝ። ፊትህ አመድ መሰለ። ፈረንጇ ይህችን ሴት ታውቃታለህ ወይ ብላ ብታስጠይቅህ፣ አላውቃትም አልህ። ጴጥሮስስ ዶሮ ሲጮህ ወጥቶ አልቅሷል፤ አንተ ወደ መነጽርህ ተመለስህ።

በማግሥቱ ፈረንጆቹ ከአያልነህ ጋር ዋልያ ለማየት ሲወርዱ ወደ ምድጃዬ መጣህ። የልጅህን ነገር ነገርሁህ፤ አባቶችህን ቁጠርልኝ አልሁህ። አባትህን አለኸኝ ብለህ ጠራህ፣ አያትህን ያየህ ብለህ ጠራህ፣ ሦስተኛው ላይ የመነጽርህን ማንገቻ ታፍተለትል ጀመር። እንደ ምንም ብለህ፣ ቅድመ አያቴ ተገኘ ቆዳ ፋቂ ነበሩ አልኸኝ። ለካ ደጃዝማቾቹ ሁሉ የአጎትህ ፈጠራ ኖረዋል። ወንዛዬ ፍል ውኃ ልንታጠብ በወረድን ጊዜ አንድ የአባትህ አገር ሰው አውቆህ ኖሯል። ወሬው ወረታ ሳይደርስ ብለህ፣ ጎንደር ደርሼ ልምጣ ብለኸኝ ወጣህ። ይታይሽ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የማላውቃትን ሴት ስረግም ኖርሁ። ቀይ ናት፣ ረጅም ናት እያልሁ መልኳን ሁሉ አውጥቼላት ነበር። ለካስ ሴትዮዋ ቆዳ ፋቂ ሽማግሌ ናቸው!

እንደናቅሁህ ዓይኔን አይተህ ዐውቀሃል። የናቅሁህ ግን በዘርህ እንዳይመስልህ። ሽማግሌው በላባቸው ያደሩ ሰው ናቸው፤ አንተ ግን ሚስትህን በዘር የምትንቅ ትንሽ ሴት አድርገህ ገምተህ ሸሸህ። ያ አልበቃ ብሎህ፣ ለልጅቱም አጎቴ እንደቆጠረው ቁጠሪላት አልኸኝ። በሐሰት ቆጥረን ዘመድ ለዘመድ ብናጋባስ? ለዋልያ ያላደረግኸውን ለልጅህ ልታደርግ! ስቆጣህ ጊዜ የቀሩትን አራቱን መሬት መሬት እያየህ ጠራህልኝ። ቁልቁለቱን በሙሉ እየደጋገምሁ ይዣቸው ወረድሁ።

ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎች፣ አቶ መንግሥቴም ከነእናታቸውና ከነልጃቸው ቤታችን ተቀመጡ፤ የሚያስቆጥሩት ቄስ ኃይለ ሚካኤል ነበሩ። እውነቱን ልንገርህ፣ አጎትህ የፈጠራቸው ሹማምንት ምላሴ ጫፍ ድረስ መጥተው ነበር። ዋጥኋቸው። ሦስተኛው ተገኘ፣ ቆዳ ፋቂ ነበሩ አልሁ። አቶ መንግሥቴ ዋንጫቸውን አስቀመጡና በቅሎዬን ጫኑልኝ አሉ። ከመጋረጃው ጀርባ ይታይሽ ሁሉን ትሰማለች። በዚያች ሰዓት አንተን አለመርገሜ እግዚአብሔር ይዞኝ ነው።

ይህን ጊዜ የልጁ አያት እማሆይ ወለተ ሐና መቋሚያቸውን በሩ ላይ ጋረጡ። በቅሎህ ላይ የሚጫነውን ኮርቻ ቆዳውን ማን ፋቀው ብለው ልጃቸውን ጠየቁት፤ የቄሱን የዳዊት ማኅደርስ? በል ያለ ኮርቻ ሂድ፣ አለዚያ ቁጭ በል አሉት። አቶ መንግሥቴ ቆመው ወደ ሙሽራው አዩ። ልጁ ከመቀመጫው አልተነቃነቀም። እሳቸውም እያጉረመረሙ ተቀመጡ፤ ቄስ ኃይለ ሚካኤልም፣ አራተኛውስ ማን ይባላሉ አሉኝ። እስከ ሰባት ደረስን፤ ዝምድና አልተገኘም። አንተ አሥራ ሁለት ዓመት የሸሸኸው ነገር አንድ ዋንጫ ጠላ ተጠጥቶ እስኪያልቅ እንኳ አልቆየም።

ሠርጉ ጥር አሥራ ሰባት ቀን፣ እሑድ ነው። ይታይሽ ስትወጣ የእናትና የአባቷን ጉልበት ትስማለች። አያልነህ በአባት ቦታ ይቀመጥ አሉኝ፤ እምቢ አልሁ። ለምን እምቢ እንዳልሁ እንጃልኝ፤ ቦታው ባዶ ይሁን ብያቸዋለሁ። ሳልህ ጥር አሥራ አምስት ከደባርቅ ይመለሳል፤ መኪናው ላይ አንድ ሰው አያቅተውም። ያንን ካኪ ለብሰህ እንዳትመጣ። ጋቢህ ሣጥን ውስጥ አለ። በየዓመቱ ለፋሲካ እያወጣሁ ሳጥበው የኖርሁት ብል እንዳይበላው ብዬ ነው፤ ሌላ ነገር እንዳትጠረጥር።

ቅዱስ ሚካኤል ከገደሉም ከውርጩም ይጠብቅህ። ዋልያዎችህን ያብዛልህ፤ አንተንም ልብ ይስጥህ።

ሚስትህ