ድረ ገጼ ላይ የቀረው ስልክ ቁጥርህ

ለአባዬ፣ ካለህበት ይድረስህ።

ሰው ሁሉ ሐጂ፣ አንቱ እያለ ሲጠራህ እኔ አንተ እያልኩህ ነው ያደግኩት። አሁን ተነስቼ አንቱ ብልህ ራስህ ትደነግጣለህ፤ ስለዚህ እንደ ወትሮው እጽፍልሃለሁ። ከተለየኸን አስራ አንድ ወር ሆነ። በእነዚህ አስራ አንድ ወራት ናፍቀኸኛል፣ አልቅሼልሃለሁ፣ ዱዓ አድርጌልሃለሁ። ከዚህ ሁሉ በላይ ግን ተናድጄብሃለሁ። ንዴቴን ለሌላ ሰው ብነግር ሙት ትወቅሳለች እባላለሁና አንተው ጋ ላድርሰው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እማዬ ለአንተ የተቀመጠችውን የሐዘን ኢዳ ጨርሳ ወደ ሰው መውጣት ጀምራለች። ሱቅህን አከራየነው። ብትንና ሽርጥ ትደረድርበት የነበረው መደርደሪያ ላይ አሁን የስልክ መሸፈኛ ተሰቅሏል። ባጃጆቹ ግን ዛሬም መታጠፊያዋን «ሐጂ ኑሩ ጋ» እያሉ ነው ሰው የሚያወርዱት። የእኔ ሥራ እንደ ድሮው ነው፤ ላፕቶፔን ይዤ ሳሎን ቁጭ ማለት። እማዬ እስካሁን ሥራ አልመሰላትም። ሰው ሲጠይቃት «ሰሚራማ ኮምፒውተር ላይ ናት» ትላለች፣ ታማ ተኝታለች በምትልበት ድምፅ።

ንዴቴ ስለ ድረ ገጼ ነው። ከሐዋሳ ተመርቄ ስመለስ ቢሮ እንድቀጠር ፈልገህ ነበር። እኔ ደግሞ እዚሁ ነገሌ ተቀምጬ ለፈለገኝ ሁሉ በግሌ ድረ ገጽ እሠራለሁ አልኩ። እንዲህ ያለ ሰው መጀመሪያ የራሱን ድረ ገጽ ይሠራል፤ ሥራዎቹን የሚያሳይበት፣ ማን እንደሆነ የሚናገርበት፣ መጨረሻ ላይ አድራሻውን የሚያስቀምጥበት። በሙያው ፖርትፎሊዮ ይባላል። አንተ ግን ሱቅ ነው ብለህ ወሰንክ። ሱቅ ከሆነ ደግሞ ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ከባንኮኒህ ጀርባ ተቀምጬ በሠራሁበት በዚያ ወር ልቤን አወለቅከው።

ቀለሙን አየህና ስልኬን ተቀብለህ ወደ ውጭ ወጣህ። የቀትር ፀሐይ ላይ ቆመህ አገላብጠህ አየኸውና «ምንም የለበትም» ብለህ መለስክልኝ። ቆንጆ ነው ብዬ የመረጥኩትን ቀጭን ግራጫ ፊደል ፀሐዩ በልቶት ነበር። እሺ፣ በዚህ ልክ ነበርክ። ዛሬም ሥራ ከማስረከቤ በፊት ስልኬን ይዤ ፀሐይ ላይ እወጣለሁ። ቀጥለህ ግን ገጹ ዕቃ ከማሳየቱ በፊት ሰላም ይበል አልክ። «እንኳን ደህና መጡ» ብዬ ጻፍኩ። አልበቃህም። ሰው ሲመጣ አካም ይባላል፣ ናጋ ይባላል፣ ቤተሰቡ ይጠየቃል፣ ከብቱ ይጠየቃል፣ ዝናቡ ይጠየቃል፤ ይሄ ምን ዓይነት ሱቅ ነው፣ ገና ሰው ሲገባ ዕቃ ፊቱ ላይ የሚወረውር? አልከኝ። አባዬ፣ ድረ ገጽ የሰው ከብት አይጠይቅም! ሦስት ቀን ተከራከርን። በመጨረሻ በአማርኛና በኦሮምኛ ሁለት መስመር ሰላምታ አስገባሁልህ። ሰው ሳያነበው ነው የሚያልፈው።

ከሁሉም የባሰው የስልክ ቁጥሩ ነገር ነው። መጀመሪያ የራሴን ቁጥር ነበር ያወጣሁት። በሳምንቱ ሥራ ፈት ሁሉ «ድምፅሽን ልስማ ብዬ ነው» እያለ መደወል ጀመረ። አንዱን አጠገቤ ሆነህ ሰማኸው። ስልኩን ከእጄ ወስደህ ምን እንዳልከው ዛሬም አልደግመውም። ከዚያ ያንቺን አጥፊና የእኔን ጻፊ አልክ። ሰልችቶኝ ነበርና እሺ አልኩ። ያቺ እሺታ ናት እስከ ዛሬ የምታንገበግበኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጸሐፊዬ አንተ ሆንክ። ደንበኛ ሲደውል ስልኩ ከሸሚዝህ ኪስ ይጮሃል፤ አንተም ጥያቄህን ትጀምራለህ። የማን ልጅ ነህ? ከየት ነህ? አባትህ ደህና ናቸው? እዚያ ሰፈር እገሌን ታውቀዋለህ? ስለ ድረ ገጽ እስኪነሳ ሰውየው የዘር ሐረጉን ቆጥሮ ይጨርሳል። አንድ የአዲስ አበባ ድርጅት፣ በዓመት አንዴ እንኳ የማላገኘው ዓይነት ሥራ ይዞ ደውሎ «ዋጋው ስንት ነው?» ብሎ ቢጀምር «ተሳስተሃል» ብለህ ዘጋህበት። ለምን ስልህ፣ ሰላም ሳይል ዋጋ የጠየቀ ሰው ነገ ሳይከፍልሽ ነው የሚሄደው አልክ። ሁለት ቀን አኮረፍኩህ። አንተ ማኩረፌንም ያወቅክ አልመሰለኝም፤ እንደ ልማድህ ሻይ ስትጠጣ ለእኔም አስቀዳህልኝ።

ከዚያ ሞትክ። ስልክህ ግን አልሞተም። ቁጥሩን ለመቀየር አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ እኔ ግን ዛሬ ነገ እያልኩ ስልክህን ቻርጅ እያደረግኩ ይዤው እዞር ጀመር። የመጀመሪያው ደዋይ «ሐጂ የሉም?» አለኝ። አረፈ አልኩት። ሰውየው ድረ ገጽ ሊያሠራ ነበር የደወለው፤ ሩብ ሰዓት አጽናናኝ፣ ዱዓ አደረገልኝ፣ ዘጋ። እንደገና አልደወለም፤ ለቅሶ የደረስክበትን ሰው በማግስቱ ዋጋ ቀንሺልኝ ማለት ያሳፍራላ። ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ከአሬሮ የከብት ነጋዴ ነበር። እሱማ ወሬውን እንደሰማ በሚኒባስ ተሳፍሮ ቤት ድረስ መጣ። አንተን በዓይኑ አይቶህ አያውቅም። ሁለት ጊዜ በስልክ አውርታችኋል፤ በቃ፣ ለእሱ ዝምድና ነው። ግማሽ ቀን ከእማዬ ጋር ተቀምጦ ስላንተ አወራ፣ ሻይ ጠጣ፣ መርቆን ሄደ። ስለ ድረ ገጽ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። እኔም መጠየቅ አልቻልኩም። እንዲህ እንዲህ እያለ የደንበኞቼ ዝርዝር ወደ ለቀስተኛ ዝርዝር ተቀየረ። በሞትህም ሥራዬን ዘጋህብኝ፣ አባዬ!

ስለዚህ ድረ ገጹን እንደ አዲስ ልሥራው ብዬ ተነሳሁ። አራት ዓመት ሆኖታል፣ አርጅቷል። ካሉኝ ሥራዎች የማፍርባቸውን አወጣሁና አምስቱን አስቀረሁ። እያንዳንዱ ሥራ ሥር ደንበኛው ምን እንደቸገረውና ምን እንዳደረግኩለት ጻፍኩ። በደካማ ኔትወርክ ቶሎ እንዲከፈት ፎቶዎቹን አሳነስኩ። ስለ ራሴ የሚናገረውን ክፍል ስምንት ጊዜ ጽፌ ስምንት ጊዜ አጠፋሁት፤ ራስን ማወደስ እንዴት ያስጠላል! ሁሉም አለቀ። አድራሻው ጋ ስደርስ ግን ላፕቶፑን እዘጋዋለሁ። በማግስቱ ከፍቼ የማያስፈልገውን ቀለም እቀይራለሁ፣ ፊደል አሰፋለሁ፣ ፊደል አጠባለሁ። የአንተ ቁጥር እዚያው ነው።

እንዲህ ስገላጀጅ ኦቦ ገልገሎ ደወለ፣ የሻኪሶው ቡና ነጋዴ። ታስታውሰው ይሆናል። ከሁለት ዓመት በፊት ድረ ገጽ ፈልጎ ደውሎልህ «መጀመሪያ የቡና ማጠቢያህን ሠርተህ ጨርስ፤ ያላለቀ ቤት ፎቶ ተነስቶ አያምርም» ብለህ መለስከው አሉ። ለእኔ አልነገርከኝም! ሥራ እየመለስክ ዝም! ሰውየው ግን ምክር ነው ብሎ ተቀብሎት ሄዶ ጨርሶ ተመለሰ። አካም አለኝ፣ ናጋ አለኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ ከዚያ «ሐጂስ? ደህና ናቸው?» አለኝ።

ይሄም ሥራ ለቅሶ ሆኖ ሊቀር ነው ብዬ አሰብኩና ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ አልኩት።

አመለጠኝ፣ አባዬ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ስልኩን ስጪልኝ ሲለኝ ደግሞ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል አልኩ። አንዴ ከዋሸሁ ወዲህ ማቆሚያ አጣሁ። በየሳምንቱ ይደውላል፤ ስለ ፎቶው፣ ስለ ጽሑፉ ይጠይቃል፣ አዲሱን ፖርትፎሊዮሽን አይቼ ነው የምወስነው፣ መቼ ነው የሚያልቀው ይላል። ከሥራው ወሬ በፊት ግን ሁልጊዜ አንተን ይጠይቃል። እኔም ዛሬ ይሻለዋል፣ ሾርባ ጠጥቷል፣ መስጊድ ደርሶ መጥቷል እያልኩ እመልሳለሁ። ለሥራው ብዬ ይመስልሃል? የመጀመሪያውን ቀን አዎ። ከዚያ በኋላ ግን ስልኩን የምጠብቀው በናፍቆት ነበር። በዚህች ምድር ላይ ደህና ነው ወይ ብሎ ስላንተ የሚጠይቀኝ አንድ ሰው ቀርቶ ነበር። ደህና ነው ስለው ለአፍታም ቢሆን ደህና ትሆንልኝ ነበር።

ከዚያ ማር መጣ። በሻኪሶ ሚኒባስ፣ በትልቅ ጀሪካን፣ «ለሐጂ ኑሩ፣ ለሳሉ» ተብሎ። ሾፌሩ ቤት ድረስ አምጥቶ ለእማዬ ሰጣት። እማዬ ጀሪካኑን ይዛ ሳሎን መሐል ቆማ ትኩር ብላ አየችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። ትጮሃለች ብዬ ስጠብቅ ቀስ ብላ «የሞተን ሰው አሳመምሽው?» አለችኝ። ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ትንሽ ቆይታ ሳቀች፣ እንደገና አለቀሰች። ጀሪካኑን አልከፈተችውም። ለቤቱ ሰው ስንት ጊዜ መርዶ ይነገራል ብላ ተነስታ ወጣች።

ያን ቀን እኔው ደወልኩ። ሰላምታውን እንዲጨርስ አልጠበቅኩትም። ኦቦ ገልገሎ፣ አባቴ ከሞተ አስራ አንድ ወሩ ነው አልኩት። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ሃሎ፣ ሃሎ አልኩ። «ስንት ጊዜ ሰላም በይልኝ አልኩሽ» አለኝ። ተቆጥቶ አልነበረም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ይቅርታ ልጠይቀው ስጀምር ዘጋው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ በራችን ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ነበር የመጣው። እማዬ እጅ ነስታ ተቀበለቻቸው፣ ዱዓ አደረጉ፣ እስከ አስር ሰዓት ተቀምጠው ሄዱ። ሲወጣ እኔን ቀና ብሎ አላየኝም፤ ለእማዬ ግን ማሩ ለእናንተ ይሁን ብሏታል። ስለ ሥራው እንደ ልማዱ ምንም አልተባለም። አብቅቷል ብዬ ነበር፤ የሚገባኝም ነው።

እነሱ እንደወጡ ላፕቶፑን ከፈትኩ። ቁጥርህን አጠፋሁና የራሴን ጻፍኩ። እንዳልኩህ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ድረ ገጹን ለሰው ሁሉ ለቀቅኩት፣ ስልክህን አጥፍቼ ከሰዓትህና ከመነጽርህ ጋር አስቀመጥኩት። ሥራ ፈቶቹ ቢደውሉ እኔው እመልስላቸዋለሁ፤ ምን እንደምትላቸው ሰምቻለሁና።

በአራተኛው ቀን በእኔ ስልክ ተደወለ። ኦቦ ገልገሎ ነበር፤ ቁጥሬን ከድረ ገጹ ላይ አግኝቶት። አካም አለኝ። ናጋ ነው አልኩት። እናትሽ ደህና ናት? ደህና ናት። ጎረቤቱ ደህና ነው? ደህና ነው። ነገሌ ዘነበ? ትንሽ አካፍቷል። ከዚያ ተራው አንተ ጋ ደረሰ። ዝም አለ። ትንፋሹ ይሰማኛል። እኔም ደህና ነው የምትለዋን ቃል አፌ ላይ ይዤ ዝም አልኩ። ትንሽ ቆየና ጉሮሮውን ጠርጎ ሥራዎችሽን አይቻቸዋለሁ፣ መቼ እንጀምር? አለኝ።

አባዬ፣ አንተን የቀበርንህ ከአስራ አንድ ወር በፊት ነው። ለእኔ ግን የሞትከው በዚያች ዝምታ ውስጥ ነው። አሁን ሁሉም ሰው ያውቃል፤ እኔም አወቅኩ። ንዴቴ አልወጣልኝም፣ የአዲስ አበባውን ሥራ ደግሞ መቼም አልረሳልህም። ሰው ግን ከእንግዲህ እናቴን ጠይቆ፣ ጎረቤቴን ጠይቆ፣ ዝናቡን ጠይቆ አንተን ይዘልሃል፤ እንደዚያ ነው ደንቡ። እኔ አልዘልህም። ተራህ ላይ በደረስኩ ቁጥር በሆዴ ቆም ብዬ እጠይቅሃለሁ።

ልጅህ ሰሚራ
ከነገሌ