የደወሏ ገመድ፦ የቺፍ ሮስኮ ሌቫይ ቲልማን የሕይወት ታሪክ

እ.ኤ.አ. በ1986 የጸደይ ወራት፣ በሞስ ፖይንት ከተማ፣ በቲልማን ቤተሰብ ማዕድ ቤት አባትና ልጅ ሲጫወቱ የሮስኮ ታናሽ እህት ዊሎዲን በግማሽ ጆሮ ትሰማ ነበር። ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ሽሪምፕ ትልጣለች። ከጨዋታው ብዙው ጠፍቶባታል። የቀራት ይህ ነው።

«እንዴት ሆነችልህ?» አሉ ሮስኮ።

«ሆዷ አልቋል፣ አንገቷ ነው የቀረው» አሉ በያጁ አባታቸው። «በግራ ጎኗ ያለው ብየዳ የኔ እጅ ነው። ጠብታ ውሃ ካስገባች ናና በኔ ተቆጣ።»

«እኔ ደግሞ እቀባታለሁ፣ አስራታለሁ፣ እፈታታለሁ።»

«ይሄ ልጅ ሚስት ሳያገባ መርከብ ሊያገባ ነው!» አሉ እናታቸው። አንድ ሰው ሳቀ፤ ማን እንደሆነ ዊሎዲን አታስታውስም። ከዚያ ከሁለቱ ወላጆች አንዱ፣ የትኛው እንደሆነም እርግጠኛ አይደለችም፣ ዝቅ ባለ ድምፅ «ማሰሩንስ ትችልበታለህ፤ መፍታቱን እንጃልህ» አለ።

ቺፍ ሮስኮ ሌቫይ ቲልማን ከአባታቸው ከአቶ ኤልሞ ቲልማንና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፐርሊ ሜይ ጌይንስ ማርች 11 ቀን 1958 በሚሲሲፒ ግዛት በሞስ ፖይንት ተወለዱ። አባታቸው ፓስካጉላ ወንዝ ዳር ባለው የመርከብ መሥሪያ በያጅ ነበሩ። እናታቸው በዓሣ ማዘጋጃ ቤት የሸርጣን ሥጋ ይፈለቅቁ ነበር። ሮስኮ ትምህርታቸውን እዚያው በተወለዱበት ከተማ አጠናቀው በ1976 የባሕር ኃይል ገቡ። የገመድ፣ የመልሕቅና የጀልባ ሥራ ተምረው በገቡ በአሥራ ሁለተኛ ዓመታቸው ባሕርተኛ ሁሉ የሚመኘውን የቺፍነት ማዕረግ አገኙ። በ1987 የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሾፌር የነበሩትን ወይዘሮ ኢርማ ጂን ላዳነርን በዚሁ በቤቴስዳ ሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን አገቡ።

በዚያ ማዕድ ቤት የተወራላት መርከብ ሃርሞን ሪጅ ትባላለች። ሚሳኤል የታጠቀች፣ ክሩዘር የሚሏት ዓይነት ናት። በ1986 መጨረሻ እንደ ወጉ ጠርሙስ አፍንጫዋ ላይ ተሰብሮ ወደ ወንዙ ስትንሸራተት ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ ነበር፤ አቶ ኤልሞም የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ቆመው አለቀሱ። በጃንዋሪ 1988 ባንዲራዋ ሲሰቀል ሮስኮ ከመጀመሪያዎቹ ባሕርተኞቿ አንዱ ሆነው ተሳፈሩ።

አዲሲቱ መርከብ ደወል ነበራት፤ የደወሉ ምላስ ግን መሳቢያ ገመድ አልነበረውም። ያን ገመድ መጎንጎን በደንቡ የገመድና የመልሕቅ ሥራ አለቃው ድርሻ ነው። ሮስኮ ነጭ የጥጥ ክር ገዝተው፣ በእረፍት ሰዓታቸው ሁሉ ተቀምጠው፣ እንደ ሹሩባ አምረው ጎነጎኑት። ባሕርተኞቹም አልማሯቸው።

«ቺፍ፣ ጥልፍ ጀመርክ እንዴ? ለሙሽራዋ ነው?»

«ለሙሽራዬማ ቀለበት አድርጌላታለሁ። ይቺኛዋ ጣት የላትም።»

በሜይ 1990 አንዲት ልጃቸው ማርቫ ተወለደች፤ ክርስትና የተነሣችውም እዚያችው መርከብ ላይ ነው። በባሕርተኞች ልማድ ደወሉ ከመስቀያው ወርዶ ይገለበጣል፣ ውሃ ይሞላበታል፣ ሕፃኑም በዚያ ውሃ ይጠመቃል፤ ስሙም ከደወሉ ውስጥ ይቀረጻል። ማርቫ በጥምቀቱ መሃል ገመዱን ጨብጣ አልለቅ አለች። ቄሱ ጣቶቿን አንድ በአንድ ሊያላቅቁ ቢሞክሩም አልሆነላቸውም።

«ይተዉአት አባ» አሉ ሮስኮ። «ተረኛ ናት።»

በዚያው ዓመት ሃርሞን ሪጅ ወደ ፋርስ ባሕረ ሰላጤ ዘመተች። ሥራዋ ጥበቃ ነበር፤ አውሮፕላን ተሸካሚዋ መርከብ እንድትተኛ እሷ ከጎኗ ሆና ሰማዩን ስትመለከት ታድር ነበር። ሚሳኤሎቿ የወጡበትን ጊዜ ሮስኮ ለማንም አላወሩም። ሲመለሱ ግን እዚህ ቤተ ክርስቲያን ፊት ቆመው «ከኛ የወጣው የት እንዳረፈ የሚያውቀው ጌታ ነው፤ ላረፈባቸው ጸልዩ» ብለው ተቀመጡ።

ስለ 1994ቱ ግን ደስ ብሏቸው ያወሩ ነበር። በካሪቢያን ባሕር ላይ ከጣውላና ከጎማ በተሠራ ነገር የሚንሳፈፉ ሰዎችን መርከቧ አገኘች። ሮስኮ ከመርከቧ ጎን በተንጠለጠለው መረብ ወርደው አንዲት አሮጊት አዝለው ወጡ። አሮጊቷ ብብታቸው ሥር አውራ ዶሮ ሸጉጠዋል።

«ቺፍ፣ ዶሮውም ይሳፈራል?» አለ አንዱ ወጣት።

«መታወቂያ ጠይቀዋ!»

መርከቧ በእነዚያ ዓመታት መኖሪያዋ እዚሁ ፓስካጉላ ወደብ ስለነበር፣ ሮስኮ ባሕር ላይ ባልሆኑ ጊዜ ሚስትና ልጃቸውን ሳይለዩ አደሩ። ማርቫም ቋጠሮ የተማረችው ከአባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣ ነው።

በሴፕቴምበር 1998 ያ የአውሎ ነፋስ ማዕበል መጣ። ማዕበል ሲመጣ የጦር መርከብ ወደብ ላይ አትቆይም፤ ከወደቡ ግንብ ጋር እንዳትላተም ወደ ባሕሩ ትወጣለች። የባሕርተኛው ቤተሰብ ከተማው ውስጥ ይቀራል። የመርከቧ አዛዥ ባሕርተኞቹን ሰብስበው፣ ለቤቱ የሚያስፈልግ ሰው መቅረት እንደሚችል ተናገሩ። ሮስኮ እጃቸውን አላነሡም። እኩለ ቀን ላይ ወደ ቤት ሮጠው የጓሮውን በር ከውስጥ ከእጀታው እስከ ምሰሶው በወፍራም የቃጫ ገመድ ጠፈሩት፤ የፊቱን በር ደግሞ ሲወጡ ከውጭ በጣውላ መቱት።

«አንተ ሰውዬ፣ ቤቱ ወዴት ሊሄድብህ ነው እንዲህ የምታስረው?» አሉ ኢርማ ጂን።

«ነፋሱ በሩን ከነቀለው ጣሪያው ይከተላል። ይሄን ቋጠሮ ማንም ነፋስ አይፈታውም።»

ነፋሱ አልፈታውም። ያ ቤት ውሃ ገብቶበት አያውቅም ነበር፤ በዚያ ቀን ግን ገባ። ቃጫ ሲረጥብ ያብጣል፣ ቋጠሮውም ይከርራል። ኢርማ ጂን በጥርሳቸው ሳይቀር ሞክረው አልላላ ስላላቸው፣ ስምንት ዓመት የሆናትን ማርቫን ምድጃው ላይ አቁመው ገመዱን በዳቦ ቢላዋ ቆረጡት። ጎረቤት በዓሣ ማጥመጃ ጀልባው ደርሶ አወጣቸው።

ሃርሞን ሪጅ ቀለሟ እንኳ ሳይጫር ተመለሰች። ሮስኮ ሚስትና ልጃቸውን በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ከተጠለሉት መሃል አገኟቸው። ኢርማ ጂን መዳፋቸው በፋሻ ተጠቅልሏል። «መስታወት ነው» አሉ። «በሩም ትንሽ አስቸገረን።» ማርቫ ቀና ብላ እናቷን አየች። የተቆረጠውንም ገመድ ውሃው ወሰደው።

ቺፍ ሮስኮ በ2002 በክብር ጡረታ ወጥተው አባታቸው በሠሩበት የመርከብ መሥሪያ ዕቃ ማንሻ ክፍል ተቀጠሩ። በ2006 የባሕር ኃይሉ ወደብ ሲዘጋ መርከቧ ቀድሞውኑ ወደ ሌላ ወደብ፣ ወደ ኖርፎክ ሄዳ ነበር። ቤታቸው በ2005ቱ ማዕበል ፈርሶ እንደገና ሠርተውታል።

በ2011 ወይዘሮ ኢርማ ጂን አረፉ። ከቀብር መልስ፣ እዚሁ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ሰው ምግብ እያነሣ ሳለ፣ ማርቫ ከአባቷ ፊት ተቀመጠች።

«የእማዬ መዳፍ ላይ የነበረው ጠባሳ ከምን እንደሆነ ታውቃለህ?»

«ከመስታወት።»

«ከዳቦ ቢላዋ ነው አባዬ። ያንተን ቋጠሮ ስትቆርጥ። ውሃው እዚህ ደርሶብኝ ነበር።» እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

ሮስኮ «መርከቧ መውጣት ነበረባት» አሉ።

«ስለ መርከቧ ማን ጠየቀህ?» ብላ ተነሣች። «ያንተን ገመድ ከእንግዲህ በእጄ አልነካም።»

ማርቫ ወደ ሂዩስተን ተመልሳ የነርስነት ሥራዋን ቀጠለች። ለበዓል ትደውላለች፤ ስለ አየሩ ያወራሉ፤ ይዘጋሉ። ሮስኮ ለማንም አላማረሩም። መርከብ መሥሪያው ውስጥ ግን በሥራቸው ያለፈ ሁሉ የሚያውቀው አንድ አመል አወጡ። አዲስ ሠራተኛ ቋጠሮ አስሮ ሲያሳያቸው ባልዲ ውሃ ያመጡና ይነክሩታል። «በል አሁን በአንድ እጅህ ፍታው» ይላሉ። ካልተፈታ ያስቆርጡታል።

«ቺፍ፣ ዝናብ እኮ የለም ዛሬ!»

«ከዚህ በር ስትወጣ ይዘንባል። እሰር እንደገና።»

ሃርሞን ሪጅም አረጀች። የላይኛው አካሏ ይሰነጠቅ ጀመር፤ አንዱ ሲበየድ ሌላው ይከፈታል። በ2021 ኖርፎክ ላይ ባንዲራዋ ሊወርድ ሲል የመጀመሪያዎቹ ባሕርተኞቿ ተጠሩ። ሮስኮ ከእህታቸው ጋር በአውቶቡስ ሄዱ። በግራ ጎኗ በኩል ቆመው የአባታቸውን ብየዳ በመዳፋቸው ዳሰሱ። ስሙ በደወሏ ውስጥ ያለ ሁሉ ተጋብዞ ነበር፤ ማርቫ አልመጣችም። ሮስኮ ደወሉ ሥር ጎንበስ ብለው ስሟን ካነበቡ በኋላ ከወጡት ሁሉ መጨረሻ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ደወሏ ወደ ተሠራችበት ከተማ በውሰት እንድትመጣ ሲለምኑ ቆይተው በ2023 መጣችና እዚህ አዳራሽ ተሰቀለች። ገመዷ ቢጫ ሆኖ ነበር። አልቀየሩትም፤ አጥበው ከምላሷ ጋር ያያዘውን የቀድሞ ቋጠሮ ብቻ ፈትተው በሌላ አሰሩት።

ባለፈው የበጋ ወራት ሳንባቸው ታመመ። ሐኪሞች ብዙ ጊዜ እንደሌላቸው ሲነግሯቸው ሆስፒታል መተኛት አልፈለጉም። በኦክቶበር ማርቫ መጣች፤ ትራሱን አስተካክላ፣ ኦክስጅኑን አይታ፣ እንደ ነርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ዊሎዲንም የጉምቦ ሾርባ ልታሞቅ ገብታ ድምፃቸውን ሰማች።

«መቅረት እችል ነበር» አሉ ሮስኮ።

«ምን?»

«አዛዡ መቅረት የሚፈልግ ይቅር ብለው ነበር። እጄን አላነሣሁም። እሷን ከኔ በቀር የሚያወጣት የለም ብዬ ነው። ነበር እኮ፤ ሌላም ሰው ነበር።»

ማርቫ ወንበሯን ወደ አልጋው አስጠጋች። ከዚያ «ይሄን ለመስማት ነው ይሄን ሁሉ ዓመት የቆየሁት» አለች። «መርከቧ፣ አዛዡ፣ ማዕበሉ ስትለኝ።»

«አሁን አልኩሽ።»

«አሁን አልክ።»

«ተራዬ ሲያልቅ፣ እንደ ባሕርተኛ ወግ፣ በቀብሬ ደወሉ ስምንት ጊዜ ይመታልኛል። ስሙ ደወሉ ውስጥ ያለ ሰው ቢመታው ደስ ይለኛል።»

«አባዬ፣ ሌላ ሰው ይምታው። ሁሉን ጠይቀኝ፣ ገመዱን ግን አትጠይቀኝ።»

«ይሁን» አሉ፤ አልተቆጡም። «ቋጠሮው ግን በአንድ እጅ የሚፈታው ነው። ከስምንተኛው በኋላ ጭራውን የሳበው ሰው ገመዱ እጁ ላይ ይወድቅለታል። ያስቀምጠው፣ ይጣለው፣ የራሱ ጉዳይ።»

ማርቫ ወደ ሂዩስተን አልተመለሰችም። የአባቷን አፍ በጥጥ እያረጠበች፣ መዝሙር ሲያምራቸው እየዘመረች እስከ መጨረሻው አብራቸው ቆየች። ቺፍ ሮስኮ ሌቫይ ቲልማን ኖቬምበር 9 ቀን 2024፣ በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ረፋዱ ላይ እጃቸው በልጃቸው እጅ ውስጥ እንዳለ አረፉ።

ወላጆቻቸውና ውድ ባለቤታቸው ቀድመዋቸዋል። ልጃቸው ማርቫ ቲልማን፣ እህታቸው ዊሎዲን ቲልማን፣ እንዲሁም ሠላሳ ሦስት ዓመት ባሕሩን በጠበቀችው በሃርሞን ሪጅ ላይ አብረዋቸው የኖሩ ባሕርተኞችና ቋጠሮ ያስተማሯቸው ሠራተኞች ቀርተዋል።

ነፋሱን የገሠጸ፣ ባሕሩንም ዝም በል ያለ ጌታ፣ ሌሎች እንዲተኙ ነቅተው ያደሩትን ወንድማችንን በጸጥታው ወደብ ይቀበልልን። ያሰሩትን ሁሉ ይፍታላቸው፤ ለቀረነውም ዕረፍት ይስጠን።

ባለፈው ሐሙስ ማርቫ ባልዲ ውሃ ይዛ ብቻዋን ወደዚህ አዳራሽ ገባች። ዊሎዲን በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ገመዱን ከነቋጠሮው ባልዲው ውስጥ ነከረችው፤ ቁጭ ብላ እስኪጠጣ ጠበቀች። ከዚያ በእርጥብ እጇ ጭራውን ሳበች። ገመዱ መዳፏ ላይ ወደቀ።

ጨምቃ አደረቀችው። አባቷ በልጅነቷ እንዳስተማሯት መልሳ ያሰረችውም ራሷ ናት። ስትወጣ ዊሎዲንን አቅፋ፣ «አክስቴ፣ ለፓስተሩ ንገሪልኝ፣ ሌላ ሰው አይፈልግ» አለቻት። «እኔ እመታዋለሁ።»