ምርቃቱን የሚጠብቀው ጉድጓድ

ለተከበሩ የከተማችን ቄራ ሥራ አስኪያጅ
በያሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ ከራስ ፀጉርዎ እስከ እግር ጥፍርዎ፣ በተለይም ጉበትዎ፣ ሙሉ ጤና እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ጉበትን ለይቼ ማንሳቴ አይግረምዎ፤ በእኛ ቤት ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሰው ደህንነት የሚጠየቀው በጉበቱ በኩል ሆኗል።

እኔ ከቄራው የኋላ ግንብ ሥር የምትኖረው የልብስ ሰፊዋ ልጅ ነኝ። ባለፈው የሰፈር ስብሰባ ላይ እጄን ሳወጣ፣ ልጅ በትልቅ ሰው መሃል አይናገርም ብለው ስላስቀመጡኝ፣ ምክርዎን አክብሬ ከመናገር ተቆጥቤያለሁ፤ ስለ መጻፍ ግን ምንም አላሉም። ተራ ቁጥር የሌለው ጽሑፍ አያነቡም ሲባል ሰምቼም ጉዳዬን በቁጥር አድርጌዋለሁ።

1. ስለ ሥጋው ንጽሕና። የሥጋ መርማሪዎ እጃቸው ይባረክ፤ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ያለበትን የበግ ጉበትና ሳንባ ሳይስቱ ቆርጠው ያወጣሉ፣ ሰው እንዳይበላውም ሰማያዊ ቀለም ያፈሱበታል። ከዚያ ሠራተኛዎ በባልዲ ተሸክሞ በግንቡ አናት ወደ እኛ ይወረውረዋል። የሰፈራችን ውሾች የቀለሙን ትርጉም የሚያስረዳቸው ስላላገኙ ይበሉታል። ጠዋት ጠዋት ተሰልፈው ሲጠብቁ፣ ከፊት የሚቆመው ጆሮ ቆራጣው ውሻ “ሊቀመንበር” ይባላል፤ እርስዎ ከሚጠሩት ስብሰባ ይልቅ እሱ የሚመራው በሰዓቱ ይጀመራል።

2. ስለ ታናሽ ወንድሜ። ሊቀመንበር ሲጠግብ መጥቶ የሚተኛው እኛ ደጃፍ ነው፤ ወንድሜም በእግሩ መሄድ ከጀመረ አንስቶ እሱኑ ተንተርሶ አድጓል። ሆዱን አሞት ሆስፒታል ስንወስደው ሐኪሟ እንዳስረዳችን፣ ከረጢቱ ውስጥ ያለው ነገር ውሻው ሆድ ሲገባ ኮሶ ትል ይሆናል፤ የትሉ እንቁላል ከውሻው ዓይነ ምድር ጋር ወጥቶ አፈሩና ፀጉሩ ላይ ይቀራል፤ ከዚያ በልጅ እጅ ወደ ልጅ አፍ ይሄድና ዓመታት ወስዶ፣ ድምፁን አጥፍቶ፣ ጉበቱ ላይ ከረጢት ይሠራል። እንግዲህ መርማሪዎ ከበጉ ያወጡልን ከረጢት ዞሮ ዞሮ ወንድሜ ውስጥ ገብቷል። ብርቱካን ያህላል። እሱ ሆዴ ውስጥ ኳስ አለ እያለ ለእኩዮቹ ይጎርራል። በሚቀጥለው ሳምንት ቀዶ ጥገና ይደረግለታል፤ ከረጢቱ ሆዱ ውስጥ ከፈነዳ ሕይወቱን ሊያሳጣው እንደሚችል ሲነገራት፣ እናቴ ሐኪሟን “በቀስታ ብቻ፣ የኔ እመቤት” አለቻት።

3. ስለ ምክርዎ። ወሬው ሲደርስዎ በመኪና ደጃችን ድረስ መጥተው፣ መስኮቱን በጥቂቱ ዝቅ አድርገው፣ እናቶች ሥጋ አብስለው እንዲያበሉ ስለመከሩን ውለታዎን መቼም አንረሳውም። እናቴ ሥጋ ስትቀቅል ኖራለች። ያቃተን ውሻውን መቀቀል ነው።

4. ስለ ጉድጓዱ። ይህን የተበላሸ ጉበት የሚቀብር፣ በሲሚንቶ የተለሰነ፣ የብረት ክዳን ያለው ጥልቅ ጉድጓድ በግቢዎ ውስጥ ተሠርቶ ማለቁን ጣሪያችን ላይ ወጥቼ በዓይኔ አይቻለሁ። ክዳኑ ላይ ሪባን ታስሮበታል። ከበላይ የሚመጡት እንግዳ እስኪመርቁት ድረስ ማንም እንዳይነካው ማዘዝዎን ጥበቃው ነግረውኛል፤ “ልጄ፣ ያልተመረቀ ጉድጓድ ውስጥ አንድ ጉበት ብጥል፣ እኔም ተከትዬ ነው የምገባው” ብለውኛል። እንግዳው ቀጠሮ ባራዘሙ ቁጥር ሪባኑ ፀሐይ እየመታው ቀይ የነበረው ሮዝ ሆኗል። የሚያሳስብዎ የሪባን መቁረጫ ከሆነ፣ እናቴ ልብስ ሰፊ ናትና መቀሷ ስል ነው፤ ታውስዎታለች። አለዚያ ግን በዚህ አያያዝዎ ከጉድጓዱ ቀድሞ የሚከፈተው የወንድሜ ሆድ ነው።

ሐኪሟ፣ ልጁ ድኖ እዚያው ውሾች መሃል ከተመለሰ ድካሜ ሁሉ ከንቱ ነው ብላለች። ስለዚህ ክዳኑ እንዲነሳ፣ ባልዲው አቅጣጫውን እንዲቀይር፣ ውሾቹም የትል መድኃኒት እንዲሰጣቸው ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጠይቃለሁ። ጭብጨባ ካስፈለገ የሰፈሩን ልጆች ይዤ እመጣለሁ፤ ያልታመሙትን።

በግንቡ አናት ለሚደርሰን ልግስናዎ ምስጋና አቅርቤ፣ ምላሰ ረጅም ያሉኝ፣ ከግንቡ ሥር ሆኜ አክብሮቴን ወደ ላይ የምወረውር፣

የታማሚው እህት

ማሳሰቢያ፦ ቀይ የአንገት ማሰሪያ ያለው ነጭ ውሻዎ ሰሞኑን አጥር እየዘለለ ከግንባችን ሥር ይሰለፋል፤ ሊቀመንበርም የማን ውሻ እንደሆነ ስላወቀ የፊተኛውን ቦታ ለቆለታል። ትናንት በርዎ ላይ የልጅ ልጅዎ ያንኑ ውሻ አቅፋ አፉን ስትስመው አየኋት። ይህቺን ያለ ቀልድ ነው የምጽፋት፦ ልጅቷን ያስመርምሯት። የሐኪሟ ክፍል በሆስፒታሉ ኮሪደር መጨረሻ በስተግራ ነው፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ እናቴ ቦታ ትይዝላችኋለች።