ድኩላዋና የማኅበሬ ጎመን

ማክሰኞ

በላችው። ዐይኔ እያየ ጎመኔን በላችው። ጠዋት ውኃ ላጠጣ ጓሮ ብወጣ አንዲት ድኩላ፣ ያውም ሆዷ የገፋ፣ እንደ ባለቤት የጎመን መደቡ መሀል ቆማ ታኝካለች። ማባረር ሲገባኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንዴት ታምራለች! ጎኗ ላይ ጣል ጣል ያለው ነጭ ነጥብ! ስታየኝ አጥሩን ዘላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ደን ገባች።

የደነገጥኩት ከሄደች በኋላ ነው። የፊታችን እሑድ የማርያም ማኅበር እኔ ቤት ነው። ጾም ስለሆነ ዋናው ወጥ ጎመን ነው። ባለፈው ወር ደግሞ ምላሴ አላርፍ ብሎኝ፣ ከገበያ አንዲት ቅጠል አልገዛም፣ ሁሉም ከጓሮዬ ነው ብዬ በሴቶቹ ፊት ፎክሬያለሁ። የቀረውን ከበላችው ምን ልል ነው?

ረቡዕ

ጌታሁን ድንጋይ ወርውሪባት አለኝ። ባሌ አንዳንዴ እንዲህ ነው። የደን አውሬ የታቦቱ ነው፣ ማን ይነካዋል? እሾህ አስቆርጬ አጥሩን ከፍ አደረግሁ። እጄ ተቧጨረ እንጂ ሥራው አምሮልኛል። እስቲ አሁን ትዝለል!

ሐሙስ

ዘለለች። ካሮቱንም ቀመሰችው።

ማስፈራሪያ ሠራሁ። ሁለት እንጨት አጣምሬ፣ ገለባ ጠቅጥቄ፣ የጌታሁንን አሮጌ ጋቢ አለበስኩት፤ ባርኔጣውንም ደፋሁበት። ከሩቅ ቁርጥ እሱን! እንዲያውም በትከሻ ይበልጠዋል። ይኸንን ነገርኩት፤ አልሳቀም።

ዓርብ

የዛሬውስ ጉድ ነው። ከደኑ ጥግ የሚኖሩት እማሆይ ተቆጥተው መጡ። ዐይናቸው ደከም ብሏል። በአጥራችን ሥር ሲያልፉ ጌታሁንን አይተው እንደምን አደርክ ቢሉት ዝም። ቢደግሙለትም ዝም።

"ባልሽን ምን ነካው? መነኩሴ ሰላም ሲለው እንደ ግንድ ይገተራል?"

ሳቄን ዋጥ አድርጌ፣ እጃቸውን ይዤ ወደ ጓሮ ወሰድኳቸው። ያቺ ጉደኛ ማስፈራሪያው እግር ሥር ተኝታ ታመሰኳለች! ስታየን ቀስ ብላ ተነሣች፤ አልቸኮለችም። እማሆይ ጋቢውን ዳሰስ አድርገው ገለባ ሲያገኙ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

"በጋቢ አይደለም ልጄ" አሉኝ፤ "በእበት ነው። አውሬ እበት የሸተተውን አይበላም።"

ወዲያው ከጎረቤት የላም እበት ለምኜ በውኃ በጠበጥኩ። በቅጠል እየነከርኩ አጥሩን፣ የመደቡን ዳርና ዳር፣ የሚጣለውን የውጭ ቅጠል ረጨሁት። ጌታሁን እራት ላይ ትንሽ ራቅ ብሎ ተቀመጠ።

ቅዳሜ

ኮቴዋ መደቡ ጫፍ ድረስ መጥቶ ተመልሷል! አንዲት ቅጠል አልነካችም! እልል ልል ብዬ ጎረቤት ምን ይለኛል ብዬ ተውኩት። ቀስ ብዬ ግን አልኩ።

ጎመኑን ቆርጬ፣ የውጩን ጥዬ፣ በጨው ውኃ ደጋግሜ አጠብኩት። አሸተትኩት። ጌታሁንንም አሽትት ብዬ አስገደድኩት። ምንም የለውም።

እሑድ

ድስቱ ተጠረገ። አንዷ የማኅበራችን ሴት፣ ምላሷ እንደኔ የማያርፍ፣ እውነት ይኼ ከጓሮሽ ነው ብትለኝ እጇን ይዤ አወጣኋት። የተቆረጠውን የጎመን ግንድ አየች፣ አፍንጫዋን ያዘች፣ አመነች።

እማሆይ ሲመጡ ጌታሁን በር ላይ ቆሞ ነበር። ገና ከሩቅ እጅ ነሥቶ "እንደምን ዋሉ እማሆይ!" ሲል ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ጠጋ ብለው ከላይ እስከ ታች አዩትና

"ይኸኛውስ ይናገራል" አሉ።

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔማ ሆዴን ይዤ ጓዳ ገባሁ።

ሁሉም ከሄዱ በኋላ ወጥቼ በደኑ በኩል ያለውን፣ ጎመኑ ያልተቆረጠውን የመጨረሻውን መደብ እበቱ እስኪለቅ በንጹሕ ውኃ አጠብኩት። የድኩላዋን ሆድ አይቼ አላስቻለኝም፤ ለመውለድ ደርሳለች። ጌታሁን በመስኮት አየኝና "እየከለከልሻት ነው ወይስ እየቀለብሻት?" አለኝ።

እኔም አላውቅም። ብቻ ካሮቱን እንዳትነካብኝ።