የ«ባለ ሙቀጫው» ሁለተኛ ካሴት

ሰኞ፣ ጥር 5

ሥራ በዝቶ ዋለ። ለጥምቀት ልብስ የሚያሰፋ ሰው ሁሉ የሚመጣው በመጨረሻው ሳምንት ነው። እስከ ዛሬ የት ነበራችሁ? አይባልም... ደንበኛ ነው። አንዷ ከሽንዲ መጥታ የጨረስኩትን ቀሚስ ለሁለተኛ ጊዜ አስተረተረችኝ።

ባሌ ዳኘው ከወፍጮ ቤቱ ሲመለስ ዱቄቱን እንኳ ሳያራግፍ ጓደኛውን ገነነን ይዞት መጣ። ገነነ ባጃጁን በር ላይ አቁሞ ራት በላ። ወሬያቸው ያው የተለመደው፣ «ባለ ሙቀጫው»። በልጅነታቸው ቪዲዮ ቤት ያዩት የቻይና ኩንግፉ ፊልም። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ የለም። ሽማግሌው ማስተር ሩዝ በሚወቅጥበት ዘነዘና ስለሚደባደብ እንዲህ ተባለ፣ በዚያው ቀረ።

ገነነ ሽማግሌው ፈሪ ነው ባይ ነው። ለእሱ ጀግናው ዶሮ ሙሉውን የሚበላው ወፍራሙ ሽፍታ ነው። ባሌ ተቆጣ። ወንድሙን ቢሰድቡበት እንዲህ አይቆጣም።

«ፈርቶ አይደለም! ሕግ አለው ሰውየው፣ ሴት አያስተምርም። ልጅቱ መጥታ አስተምረኝ ስትለው በሩን ዘጋባት። አለቀ።»

ሰሃን እያነሳሁ «በዚያ አላለቀም» አልኩ።

ሁለቱም ሳቁ። «አንች ደግሞ የት አይተሽው?» አለኝ ዳኘው። መልሴን ሳይሰማ ወሬውን ቀጠለ።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ልጄ አደይ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ስፌት ቤት መጣች። ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። የዉሹ፣ የዚያ የቻይናው ስፖርት፣ አሠልጣኟ ለቡሬው ውድድር መርጧታል። በዱላ! የካቲት አጋማሽ ላይ ነው። ልጄን አቅፌ ከነመርፌዬ ዘለልኩ።

ግን... «አባትሽ እሺ ካላሉ አልወስድሽም» ብሏታል። ልምምዱን ዳኘው «ለጤና ነው» ብሎ ዝም ብሎት ነበር። ሰው ፊት ወጥታ ዱላ ስታሽከረክር ግን ምን ይል ይሆን?

ቅዳሜ፣ ጥር 10

ነገርኩት። እምቢ አለ።

«ያን የመሰለ ማስተር የዘጋውን በር እኔ ልክፈተው?»

ሰው ለልጁ ከፊልም ሕግ ያወጣል? ተናድጄ የከተራውን ልብሴን እንኳ በደንብ አልለበስኩም። አደይ ደብተሯን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች። እሱ ነው ያቃጠለኝ።

የት አይተሽው ነው የሚለኝ! ያደግኩት ቡሬ፣ አክስቴ እትዬ ማሚቱ ዘንድ ነው። ሻይ ቤቷ ጓሮ ያለችውን ክፍል ለቪዲዮ ቤት አከራይታ ነበር። ለወንዶቹ ሻይ የማስገባው እኔ ነበርኩ። ትሪውን እንደያዝኩ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ቆሜ አይ ነበር። «ባለ ሙቀጫው» ሁለት ካሴት ነው። ሁለት! አንዱ አልቆ ሌላው እስኪገባ ነበር ሻይ የሚሸጠው።

እዚህ ፍኖተ ሰላም ግን ፊልሙን ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ የሚተረጉምላቸው ባንተአምላክ የሚባል ዲያቆን ነበር አሉ። ማስተሩ በሩን ሲዘጋ «ልጅቱም ወደ ወላጆቿ ተመልሳ፣ ባል አግብታ፣ ወልዳ ከብዳ ኖረች፤ ተፈጸመ!» ይላል። ሕዝቡም ያጨበጭባል። ዳኘው እስከ ዛሬ ይህን በቃሉ ይወጣዋል።

ሰኞ፣ ጥር 12

ምን አደረግኩ!

ሚካኤልን ሸኝተን ስንመለስ መልካሙ ደጃፍ ቆምን። መልካሙ እግር ኳስ የሚያሳየው፣ የዲኤስቲቪ ቤቱ ባለቤት። ዳኘው እንደገና ያንን በር አነሳ፣ ያውም አደይ እየሰማች።

«እንግዲያው ዋስ ጥራ!» አልኩት።

መንገደኛው ቆሞ ያየን ጀመር። ጎጃሜ ሰው ፊት «ዋስ ጥራ» ተብሎ ወዴት ይሄዳል?

«ምን ልትይ ነው?»

«ፊልሙ ይምጣ። በሩ ላይ ካለቀ ስለ ውድድሩ ትንፍሽ አልልም። ካላለቀና ማስተሩ በሩን ከከፈተላት ግን ልጅህን ትለቃታለህ።»

«ዋሴ ገነነ!» አለ። እኔም መልካሙን ጠራሁ። ውርርዱን ተያያዝን።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል... ካሴቱን ከየት ላመጣው ነው? ደግሞስ እርግጠኛ ነኝ? ልጅ ነበርኩ። ከሌላ ፊልም ጋር ቀላቅዬውስ ቢሆን? አደይ እኔን አምና ዱላዋን ለውድድሩ አልጋዋ ሥር አዘጋጅታለች። ከተሸነፍኩ የምታጣው እሷ ናት።

ሐሙስ፣ ጥር 15

ባንተአምላክ ጋ ሄድኩ። አሁን መሪጌታ ነው፣ ደቀ መዛሙርት ያስተምራል። ቤተ ክርስቲያን ሲሳለም አግኝቼ ጠየቅኩት። «መሪጌታ፣ እውነት በሩ ላይ ነው የሚያልቀው?»

ጢሙን እየዳበሰ ፈገግ አለ። «ልጄ፣ ባለቤቱ ግማሽ እንጀራ ቢሰጥሽ፣ ለእንግዳው ምን ትይዋለሽ? ማዕዱ ይኸው ነው ትይዋለሽ እንጅ።» ብሎኝ ሄደ።

እስከ ድልድዩ ድረስ ሳሰላስለው... ግማሽ! ግማሽ አለ እኮ! አንደኛውን ካሴት ብቻ ነበር የቪዲዮ ቤቱ ባለቤት የሰጠው! ጋሪ ሊገጨኝ ለጥቂት። ባለ ጋሪው ሰደበኝ፣ ሳቅኩበት።

ለዳኘው አልነገርኩትም። በዓይኑ ይየው።

ሐሙስ፣ ጥር 22

ወንድሜ ባምላኩ ከቡሬ ደወለ። የእትዬ ማሚቱን ካሴት አይጥ በልቶታል። ቆይቶ ደግሞ ሳቀ፣ የቪዲዮ ቤቱ ሰውዬ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ገልብጦ አስቀምጦት ኖሯል። አንተ ልጅ፣ መጀመሪያ እሱን አትነግረኝም?

ዓርብ፣ ጥር 23

ፍላሹ በሚኒባስ ደረሰ። አልከፈትኩትም። ቀድማ አይታ ነው እንዳይሉኝ። ለመልካሙ እንደታሰረ ሰጠሁት። እጄ ግን እንዴት በልቶኝ ነበር...

እሑድ፣ ጥር 25

ቀኑን ሙሉ ብጽፈው አልጠግበውም።

መልካሙ ከጨዋታው በፊት አሳየልን። ቤቱ ሞልቶ ወንዱ በር ላይ ቆሟል። ሴት እኔና አደይ ብቻ። ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥን። ድሮ በትሪ ነበር የገባሁት፣ ዛሬ ተቀምጬ አየሁ!

ተርጓሚ የለውም፣ ማንም አልፈለገውም። ወንዶቹ እያንዳንዱን ምት ከመድረሱ በፊት ይናገራሉ። ወፍራሙ ሽፍታ ዶሮውን ሲበላ ገነነ ተነሥቶ አጨበጨበ። ከዚያ ልጅቱ መጣች። ተንበረከከች። ማስተሩ አያት፣ በሩን ዘጋው። ጓ!

ስክሪኑ ጠቆረ።

«ተፈጸመ!» አሉ በአንድ ድምፅ። ጭብጨባ፣ ፉጨት። ዳኘው ተነሥቶ «እንኳን ደስ ያለህ» እየተባለ እጅ ይጨብጣል። አደይ ክንዴን ጨመቀችኝ። እኔ ዓይኔን ከስክሪኑ አልነቀልኩም። ጥቁር ነው... አሁንም ጥቁር ነው... አምላኬ፣ ተሳስቼ ይሆን?

የዝናብ ድምፅ ተሰማ።

የቆመው ሁሉ ዞረ። ልጅቱ ከበሩ ውጭ ተቀምጣ ዝናብ ይመታታል። አልሄደችም! በተጣለ አሮጌ ሙቀጫ ሩዝ ትወቅጣለች፣ በበሩ ስንጥቅ የማስተሩን አመታት እያየች። ሽፍቶቹ ሲመጡ የማስተሩ ተማሪዎች በጓሮ ዘለው ጠፉ። በሩን የያዘችው እሷ፣ ብቻዋን። ወፍራሙን ሽፍታ ስትጥለው እልል አልኩ! ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ! ማን ይከለክለኛል?

ከዚያ በሩ ተከፈተ። ሽማግሌው ራሱ ከፈተው። ዘነዘናውን በሁለት እጁ አቀረበላት፣ አንገቱንም ዝቅ አደረገ።

ቤቱ ተናወጠ። መልካሙ «ዋሱ እኔ ነኝ!» ይላል። አደይ አለቀሰች፣ እኔም።

ዳኘው ስክሪኑን እያየ ተቀምጧል። ወደ ቤት ሄደን ግቢው በር ስንደርስ ጠየቀኝ፦

«በሁለት እጁ ነው የሰጣት፣ አይደል?»

«አዎ።»

«እስከ ዛሬ ግማሽ ፊልም ነው ለካ የወደድኩት» አለ። ቂም አልነበረውም። ያን ጊዜ ነው እንደገና የወደድኩት።

ማክሰኞ፣ ጥር 27

ወንዶቹ መሪጌታን መንገድ ላይ ከበቡት አሉ። «ለምን ዋሹን?» ሲሉት፣ «ቤት ሙሉ ሰው ጨርስልን ብሎ ሲጮህ ምን ላድርግ? ደግሞ ዳርኳት እንጅ አልገደልኳትም!» ብሎ አሳቃቸው።

ገነነ አሁንም ከሐሳቡ አልተመለሰም። ወፍራሙ የተሸነፈው ዶሮው ከብዶት ነው ይላል። ይበል።

ዓርብ፣ የካቲት 14

የአደይን ልብስ ጨረስኩ። ቀይ፣ ጠርዙ ወርቅማ። ዳኘው በዱቄት እጁ ሊነካው ሲል ጮህኩበት። «ሱሪው አልሰፋም?» አለኝ። ዉሹ እንዲህ ነው አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፣ እንደ አዋቂ።

እሑድ፣ የካቲት 16፣ ቡሬ

ትናንት ለመጻፍ አልቻልኩም። ጩኸት ድምፄን፣ ጭብጨባ እጄን ጨርሶት ነበር።

ትናንት ጠዋት ልንወጣ ስንል ዳኘው ቀድሞን የግቢውን በር ከፍቶ ቆሟል። እጁ ላይ የአባቱ ሽመል። ያ ለለቅሶም ለሠርግም የሚይዘው፣ እኔ እንኳ ስጠርግ የማላነሳው። በሁለት እጁ ለአደይ ዘረጋላት። አንገቱንም ዝቅ አደረገ። ልጄ ምን እንደምታደርግ ጠፋት፣ ጉልበቱን ስማ ተቀበለችው።

በእሱ ነው የተወዳደረችው። ሽመሉ አየሩን ሲቀድ ይሰማ ነበር። ከሜዳው ሁሉ የሚበልጠው የዳኘው ጩኸት ነው። አንደኛ! ልጄ አንደኛ!

ዛሬ ቅበላ ነው፣ እትዬ ማሚቱ በግ አሳርዳ ጠበቀችን። የጓሮው ክፍል ዛሬ የእህል ጎተራ ነው። አንድ የሰፈሩ ሰው፣ ልጅነቱን ፍኖተ ሰላም ያሳለፈ፣ ስለ ድሮ ቪዲዮ ቤት አነሳ። «አንድ ፊልም ነበር፣ ባለ ሙቀጫው የሚሉት። ልጅቱ ስትመጣ ማስተሩ በሩን ይዘጋባታል። አለቀ።»

ዳኘው የአደይን ሜዳሊያ አንገቱ ላይ አጥልቆ ነበር። ጉርሻውን አስቀመጠ፣ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ።

«በዚያ አላለቀም» አለው።