ዘጠኝ እርምጃ በረንዳ

ኬንት፣ ዋሽንግተን
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለሐመልማል ይርጉ
ሴማራንግ፣ ኢንዶኔዥያ

ልጄ፣ እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እናትሽ ደህና ናት፤ የኬንት ዝናብም እንደምታውቂው ጤናው አልተጓደለም። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትይ አውቃለሁ። በስልክ ከጀመርን እኔ እጮሃለሁ፣ አንቺ በእንግሊዝኛ ትመልሺያለሽ፣ እናትሽ ስልኩን ከእጄ ትነጥቃለች። ወረቀት ላይ ግን የሚያቋርጠኝ የለም። ፊደሉ ከከበደሽ ቀስ ብለሽ አንብቢው፤ እኔም ያንቺን ጽሑፍ ያነበብኩት እንደዚያው ነው።

አዎ፣ አነበብኩት። ለእናትሽ የላክሽውን፣ ሆላንዶች ኢንዶኔዥያ ውስጥ ስለሠሯቸው ቤቶች የጻፍሽውን የመመረቂያ ጽሑፍ በወረቀት አሳትሜ፣ ኦበርን በምሠራበት መጋዘን ውስጥ በምሳ ሰዓት፣ ዕቃ ማንሻው ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጬ በሦስት ሳምንት ጨረስኩት። አብሮኝ የሚሠራው ፊሊጶስ፣ "ጋሽ ይርጉ፣ ደግሞ የምን ቴስት ሊወስዱ ነው?" እያለ ሲያሾፍብኝ ነበር። ልጄ የጻፈችው ነው ስለው ማሾፉን ትቶ ገጾቹን አገላበጠ። ኮራሁ፣ አልዋሽሽም።

እነዚያ ሆላንዶች ግን እንዴት ያሉ ደረቆች ናቸው! ከብርድ አገር መጥተው፣ ባታቪያ፣ የዛሬዋ ጃካርታ ላይ ያ ሁሉ ወበቅ እያለ፣ እንደ አገራቸው ቤትን ከቤት አጣብቀው፣ መስኮቱን በመስታወት ዘግተው ሠሩ። ቦይ ከሌለው ከተማ አይባልም ብለው በባሪያ ጉልበት አስቆፈሩ፤ ውሃው ተኛ፣ ወባው ተነሳ፣ ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። የአገሬው ሰው ቤት የጣሪያው ክፈፍ ሰፊ፣ ነፋስ የሚያሳልፍ ሆኖ አጠገባቸው ቆሞ ነበር፤ አላዩትም። አሮጌውን ከተማ ትተው ወደ ደቡብ የወጡት፣ ጣሪያውን ከፍ፣ በረንዳውን ሰፋ ያደረጉት ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላቸው ሲል ነው። ሳቅሁባቸው። ገጽ አርባ ላይ ስደርስ ሳቄ ቆመ፤ የድሬዳዋው ቤት ትዝ አለኝ።

ከሦስት ዓመት በፊት ለአያትሽ ለእማማ ባየሽ ቤት ልሠራ ስነሳ፣ የምንኖርበትን የኬንቱን ቤት ፕላን አስገልብጬ ላክሁ። መስኮቱ ጠባብ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ ግድግዳው ሙቀት እንዳያመልጥ የታሸገ። በረንዳ የነበረውን አሮጌ ቤቷን አስፈረስኩት። አንቺ፣ "አባዬ፣ ይሄ ቤት ለኮልድ ነው ዲዛይን የተደረገው፤ አያቴ ትቀቀላለች" አልሽኝ። እኔ ደግሞ "አባትሽን ልታስተምሪ ነው እንዴ? ዓይኔ እንዳያይሽ!" ብዬ ጮህኩብሽ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታሽ የሚደርሰኝ በእናትሽ በኩል ነው።

ለእማማ የምደውልላት እሁድ እሁድ ቅዳሴ ከመሄዴ በፊት ነው። ሳሎን ተቀምጣ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ "ተመስገን፣ ይመቻል" ትለኛለች። ባለፈው ረቡዕ ግን ሳልነግራት በቪዲዮ ደወልኩ። ከራስጌዋ የኒም ዛፍ ቅጠል አየሁ። አልጋዋ ግቢው ውስጥ፣ ዛፉ ሥር ነው። ቤቱ ካለቀ ጀምሮ! እሁድ እሁድ ሰዓቱ ሲደርስ ወደ ሳሎን ትገባለች፤ ስዘጋ ትወጣለች። "ለፍተህ የሠራኸው ነው፤ ቅር እንዳይልህ ብዬ ነው" አለችኝ። አለቀስኩ።

እንግዲህ ቆርጫለሁ። ሐምሌ ላይ ፈቃድ ወስጄ ድሬዳዋ እሄዳለሁ። የፊት ለፊቱን ግድግዳ አፈርሳለሁ፣ ጣሪያውን አስነሳለሁ። እናትሽ፣ "ሰው ምን ይላል? አዲስ ቤት ይፈርሳል?" ትላለች። ሰው የፈለገውን ይበል፤ ሰው አይደለም ዛፍ ሥር የሚተኛው። ንድፉን የምትሠሪው ግን አንቺ ነሽ። ያለ አንቺ ከነካሁት ሁለተኛ እሳሳታለሁ፤ እናቴ ደግሞ ሁለተኛውን ስህተት የምትጠብቅበት ዕድሜ የላትም። እዚያ ሴማራንግ ሺህ በር የሚሉት ሕንፃ በሮቹ ነፋስ እንዲያልፍ እንዴት ፊት ለፊት እንደሚተያዩ ጽፈሻል። ለእማማ ሺህ አያስፈልጋትም፤ ስድስት ይበቃታል። ደግሞ ሆላንዶቹን ሁለት መቶ ዓመት የፈጀባቸው ነገር አንድ የድሬዳዋ ልጅ በሦስት ዓመት ገባው ብለሽ ጽሑፍሽ ላይ ጨምሪልኝ።

የበረንዳውን ስፋት እንዳውቅ፣ የዛፉን ጥላ እንድትለካልኝ ትናንት እማማን ጠየቅኳት። በእርምጃዋ ዘጠኝ ነው። እርምጃዋ አጭር መሆኑን አትርሺ። ዛፉም አይነካም።

"ማን ነው የሚነድፈው?" አለችኝ።

"ሐመልማል" አልኳት።

"እሷማ ያኔውኑ ነግራህ አልነበር? ለመሆኑ ይቅርታ ጠየቅሃት?"

"ኔትወርኩ ተቆራረጠ፣ አይሰማኝም" ብዬ ዘጋሁት።

ኔትወርኩ ደህና ነበር።

ከትንኙም ከፀሐዩም ይሰውርሽ። የነደፍሽው ሁሉ ይቁም፤ ከጥላው ሥር የሚያርፍ ሰው አይጥፋ።

አባትሽ
ይርጉ